ዕጣ የወጣላቸው ሕሙማን፦ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሕክምና የተፈተነበት ታሪክ

«ነቀርሳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ። «የጡት ነቀርሳ» ወይም «የጉበት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር ማለታችን ነው። ታዲያ ካንሰሩ ራሱ ሳንባ ላይ ሲወጣ ምን እንበለው? ብዙ ሰው «የሳንባ ካንሰር» ብሎ ይገላገላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ እንደዚያው እናደርጋለን።

ነገሩን ያነሳነው ስለ ቃላት ለመከራከር አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ከስም ባለፈ በታሪክም የተሳሰሩ ናቸው። ሐኪሞች የካንሰርን ሕክምና በምን ሚዛን መመዘን እንደሚገባ የተማሩት ከቲቢ ነው። የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ካንሰር ምንጩ የታወቀውም አንድ ሐኪም የቲቢ በሽተኞቼ ያላቸው ሰዎች በቲቢ መድኃኒት አልድን ቢሉት ነው። ሁለቱንም ታሪክ እናያለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሌላ ቃል፣ ስለ «ሙከራ» ትንሽ እንበል። ይሄ ቃል ሰው ያስደነግጣል። «እንደ አይጥ ሊሞክሩብን ነው» የሚል ንግግር በየትኛውም ካምፕ፣ በየትኛውም የጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ይሰማል። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ግፍ በ1947 በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ታይቷል፤ ሰው ሳይፈቅድ ምርምር አይደረግበትም የሚለው ሕግ የተጻፈውም ከዚያ ፍርድ ጋር ነው። ነገር ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ማንም ሳይፈትነው በልማድ የሚሰጥ ሕክምናም በእኛ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ልዩነቱ የዳነውንና የሞተውን ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ። ጊዜው ጦርነቱ ያበቃበት ሰሞን ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለ መድኃኒት በ1943 አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ ቲቢን ሊያድን እንደሚችል ተስፋ ተጥሎበታል። እንግሊዝ ደግሞ በጦርነቱ ደህይታ ዶላር የላትም፤ መግዛት የቻለችው መድኃኒት ጥቂት ነው፣ በሽተኛው ግን እልፍ ነው። ለማን ይሰጥ? ለሀብታሙ? ለሐኪሙ ዘመድ? በጣም ለታመመው? ወይስ ሊድን ለሚችለው?

በዕቁብ የምናውቀው መፍትሔ እዚህ ላይ መጣ። ዕቁብ ላይ ዳኛው ለወደደው ገንዘቡን እንዳይሰጥ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ አያዳላም። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም 107 የሳንባ ቲቢ በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ደለደለ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ የዚያን ጊዜ የተለመደውን ሕክምና፣ ማለትም የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለነበር ሐኪሙ ፖስታውን ሳይከፍት በሽተኛው ለየትኛው ወገን እንደደረሰ ማወቅ አይችልም። የራጅ ፊልሞቹንም ያነበቡት በሽተኛው የቱ ወገን እንደሆነ ያልተነገራቸው ባለሙያዎች ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት ደግሞ 14 ሰዎች ሞተው ነበር። ውጤቱ በ1948 ታተመ።

ዕጣው ጥቅሙ ለፍትሕ ብቻ አልነበረም። ሐኪም በራሱ ምርጫ ቢደለድል ኖሮ ሳያስበውም ቢሆን አዲሱን መድኃኒት ጠንከር ላሉት ይሰጣል፤ እነሱ ሲድኑ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል። በዕጣ ሲሆን ግን ሽማግሌውም ወጣቱም፣ የጠናበትም የቀለለውም በሁለቱም ወገን ተመጣጥኖ ይገባል። በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት ከሕክምናው የመጣ ነው ብሎ ለመናገር የሚያስደፍረው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። መድኃኒቱ ያልደረሳቸው 52 ሰዎች የማነጻጸሪያ ወገን መሆናቸው አልተነገራቸውም። ዛሬ ይሄ አይፈቀድም። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ባወጣው መግለጫ መሠረት በሽተኛው ነገሩ ተብራርቶለት፣ ገብቶት፣ ወዶ መስማማት አለበት።

ዕጣውን ያሰበው ሰው ስሙ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ይባላል፤ በተለይ የርቀት ትምህርት ለምትከታተሉ ተማሪዎች የሕይወቱን ታሪክ መስማት ጥሩ ነው። ሂል እንደ አባቱ ሐኪም መሆን ይፈልግ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ሲያገለግል በቲቢ ታመመ፣ ለረዥም ጊዜም አልጋ ላይ ዋለ። የሕክምና ትምህርት ቤት መግባቱ ቀረ። በተኛበት ሆኖ በተልእኮ ትምህርት ኢኮኖሚክስ አጠና፣ ከለንደን ዩኒቨርሲቲም ዲግሪ አገኘ። ከዚያ በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ገብቶ ሐኪም ሳይሆን የሐኪሞች መምህር ሆነ። በ1950 ደግሞ ከሪቻርድ ዶል ጋር ሆኖ የሳንባ ካንሰር በሽተኞችን ከሌሎች በሽተኞች ጋር በማነጻጸር ሲጋራ ዋነኛው መንስኤ መሆኑን ካሳዩት አንዱ ነው።

ስለ ሲጋራና ስለ ካንሰር ካነሳን፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት ያወጡት ኧርነስት ዊንደርና ኤቫርትስ ግራሃም ነበሩ። ግራሃም የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነው። ሚያዝያ 1933 በሴንት ሉዊስ ከተማ ካንሰር የያዘውን አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ ኦፕራሲዮን አውጥቶ በሽተኛውን ያዳነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በሽተኛው ራሱ ሐኪም ነበር፤ በአንድ ሳንባ 30 ዓመት ገደማ ኖረ። ግራሃም ግን ለብዙ ዓመታት ሲጋራ አጫሽ ስለነበር በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሐኪሙ ሞቶ በሽተኛው ቀረ።

ይሄ ኦፕራሲዮን እውነተኛ ድል ነበር። ግን አንድ ሰው ስለዳነ ብቻ መንገዱ ለሁሉም ይሠራል የሚል እምነት አብሮ አደገ። ቆርጦ ማውጣት ከተቻለ ይቆረጥ፣ ካልተቻለ ጨረር ይሰጥ ተባለ። ጨረር የሚሰጣቸው ሰዎች ቶሎ ይሞቱ ስለነበር ጨረር ደካማ ሕክምና መሰለ። ግን ቀድሞውንም ለጨረር የሚላኩት በሽታው የጠናባቸው ሰዎች አልነበሩ? ሁለቱን ለማመዛዘን ያው ዕጣ አስፈለገ።

ምክር ቤቱ ይህን የሞከረው «ትንሽ ሕዋስ» በተባለው፣ በጣም ፈጥኖ በሚሰራጨው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ላይ ነው። 144 በሽተኞች ገቡ። ሁሉም ኦፕራሲዮን ይቻልላቸዋል ተብለው የተገመቱ ነበሩ። ዕጣው 71ዱን ለቀዶ ሕክምና፣ 73ቱን ለጨረር አደረሰ። ለቀዶ ሕክምና ከደረሱት ውስጥ ደረታቸው ሲከፈት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ሊወጣላቸው የቻለው ግማሽ እንኳ አልሞሉም። ውጤቱ ሲሰላ ለኦፕራሲዮን የተደለደሉት በአማካይ 199 ቀን፣ ለጨረር የተደለደሉት 300 ቀን ኖሩ። በ1973 የወጣው የአሥር ዓመት ክትትል እንዳሳየው በሕይወት የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ከጨረሩ ወገን።

ቁጥሩን ስታዩ «ሁለቱም ያው ሞት ነው፣ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። ዋጋውን እንዲህ አስቡት። ከዚያ በኋላ በዚህ ዓይነት ካንሰር ለተያዙ አብዛኞቹ ሰዎች ደረታቸውን የሚያስከፍት ምክንያት አልነበረም። የቀራቸውን ጊዜ ከቁስል ሕመም ጋር ሲታገሉ አላሳለፉትም። (ዛሬ ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድነት ይሰጣሉ፤ በጣም ገና በጠዋቱ ለተገኘ ዕጢ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።)

አሁን ከአውሮፓ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሻገር፤ የሁለተኛው ታሪክ መነሻ እዚያ ነው። ሳንባን ከውጭ የሚለብሰው፣ የደረትንም ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ነገር የሳንባ ሽፋን ይባላል። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ስንተነፍስ ሳንባ ሳይፋተግ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ፈሳሹ ሲበዛ ሰው «ሳንባው ውሃ ቋጠረ» ይላል። በእኛ አካባቢ ለዚህ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቲቢ ነው። ኪምበርሊ በምትባለው የአልማዝ ከተማ ያለው የቲቢ ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ስሌግስም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰበው።

ስሌግስ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ከከተማው በስተምሥራቅ የሚመጡት በሽተኞች በቲቢ መድኃኒት ይድናሉ። በስተምዕራብ፣ ከአስቤስቶስ ማዕድን ማውጫዎቹ አካባቢ ከሚመጡት ግን አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ጨርሰውም ይብስባቸዋል፤ የሳንባቸው ሽፋን እየወፈረ ሳንባውን እንደ ቅርፊት ያንቀዋል። በሌላ በኩል ጆሃንስበርግ ውስጥ ክሪስ ዋግነር የተባለ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም በ1956 የአንድ ሰው ሳንባ ሽፋን ላይ እጅግ ብርቅ የሚባል ዕጢ አገኘ። ሜሶቴሊዮማ ይባላል። የሁለቱ ሰዎች መረጃ ተገናኘ። በ1960 ዋግነር፣ ስሌግስና ማርቻንድ 33 በሽተኞችን መዝግበው አሳተሙ። ከአንዱ በቀር የሁሉም ሕይወት ከአካባቢው ሰማያዊ አስቤስቶስ ጋር የተነካካ ነበር።

የሚገርመው ሁሉም ማዕድን ቆፋሪ አለመሆናቸው ነው። የቤት እመቤቶች አሉ፣ የቤት ሠራተኞች አሉ፣ ከብት ጠባቂ አለ። በልጅነታቸው ከማዕድኑ አጠገብ ኖረው አቧራውን የተነፈሱ ናቸው። የአስቤስቶስ ክር በዓይን የማይታይ ቀጭን መርፌ ነው፤ ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ወደ ሽፋኑ ይዘልቃል፣ እዚያም ሕዋሳቱን ለዓመታት ይቆጠቁጣል። በሽታው የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በየአገሩ በአሮጌ ሕንፃዎች ላይ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ጣሪያ አሁንም አለ። ሳይነካ ሲቀመጥ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥና በመጋዝ ሲታረስ ግን አቧራው ይነሳል። የተሰበረውን ቆርቆሮ መሰል ስባሪ ልጆች እንዳይጫወቱበት ማድረግ ተገቢ ነው።

ከሰሜን ኬፕ የወጣው አስቤስቶስ ከፊሉ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በመርከብ ሥራ፣ በቦይለርና በግንብ ሽፋን ላይ ዋለ። በሽታውም ተከትሎት ሄደ። ከዓመታት በኋላ በየእንግሊዝ ሆስፒታሉ የመርከብ ግቢ ሠራተኞች፣ ቧንቧ ሠሪዎች፣ አናጢዎች ውሃ በቋጠረ ሳንባ እያቃሰቱ መጡ። እንግሊዝ አስቤስቶስን ፈጽማ የከለከለችው በ1999 ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2008።

ለዚህ ካንሰር ሐኪሞች ምን ያድርጉ? የቀዶ ሐኪሞች መልስ ትልቅ ኦፕራሲዮን ነበር። ሳንባውን፣ ሽፋኑን፣ ድያፍራሙንና የልብን ሽፋን አንድ ላይ አውጥቶ ክፍተቱን በሰው ሠራሽ ጨርቅ መጠገን ነው። በ1976 በወጣ አንድ የእንግሊዝ ዘገባ ይህ ከተደረገላቸው 29 ሰዎች ውስጥ 31 በመቶው ከኦፕራሲዮኑ የተነሳ ሞቱ። በኋላ ሞያው ተሻሻለ። በ1999 ከቦስተን የወጣ የ183 ሰዎች ዘገባ ከኦፕራሲዮኑ የተነሳ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ወደ 4 በመቶ ገደማ አወረደው፤ ከተረፉት አንዳንዶቹም ለዓመታት ኖሩ። ይህን ያየ በሽተኛ ሁሉ «ለእኔም ይደረግልኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን እነዚያ 183 ሰዎች እነማን ነበሩ? ሐኪሞቹ አይተው «ይሄ ይችለዋል» ብለው የመረጧቸው ናቸው። ወጣት፣ ጠንካራ፣ በሽታው ያልተስፋፋበት። ባይቆረጡስ ኖሮ ስንት ጊዜ ይኖሩ ነበር? ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ማንም አላነጻጸረም። ይህን ጥያቄ ያነሳው ሰው ራሱ የቀዶ ሐኪም መሆኑ ያስደንቃል፤ ቶም ትሬዠር ይባላል። ባልደረቦቹ ብዙ ተከራከሩት። «ዕጣ ማውጣት ጭካኔ ነው፣ ጠቃሚውን ሕክምና ለግማሹ መከልከል ነው» አሉት። የሱ መልስ ግን «ጠቃሚ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ዓይነት ነበር።

ማርስ የተባለው ይህ ሙከራ ከ2005 እስከ 2008 በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኞችን መዘገበ። 112 ሰዎች ገቡ፤ ሁሉም አስቀድመው ኬሞቴራፒ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ በሽታው ገፋባቸው፣ አንዳንዶቹ ዕጣውን አልፈልግም አሉ። ዕጣ የወጣላቸው 50 ናቸው፤ 24ቱ ለትልቁ ኦፕራሲዮን፣ 26ቱ ያለ እሱ። ከ24ቱ ኦፕራሲዮኑ እስከ መጨረሻ የተሳካላቸው 16 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ2011 ወጣ። ለኦፕራሲዮን የደረሱት ሚዲያን 14.4 ወር፣ ያልደረሱት 19.5 ወር ኖሩ።

ሚዲያን ማለት ምን እንደሆነ የሒሳብ መምህራን ያስረዱልን፤ ባጭሩ ግን ሰዎቹን በኖሩበት ጊዜ ቅደም ተከተል ብንደረድራቸው መሐል ላይ የሚቆመው ሰው የኖረበት ጊዜ ነው። ግማሾቹ ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል። ስለዚህ «14 ወር» ሲባል ሁሉም በ14ኛው ወር ይሞታል ማለት አይደለም፤ ይህን ስሕተት ዘመድ ለማጽናናት በሚሄድ ሰው አፍ ላይ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን።

50 ሰው ትንሽ ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነትም ትንሽ ነው። የቀዶ ሐኪሞቹ ደግሞ «ሳንባውን አናወጣም፣ ሽፋኑን ብቻ እንገፍፋለን» ወደሚል ቀለል ወዳለ ኦፕራሲዮን ዞሩ። እሱም እንደገና ዕጣ ፊት ቀረበ። ማርስ 2 የተባለውን ሙከራ የመራው ኤሪክ ሊምም እንደዚሁ የቀዶ ሐኪም ነው። ከ2015 እስከ 2021 ባለው ጊዜ 335 ሰዎች ተደለደሉ። በ2024 በታተመው ውጤት ኬሞቴራፒና ኦፕራሲዮን የተደለደለላቸው ሚዲያን 19.3 ወር፣ ኬሞቴራፒ ብቻ የተደለደለላቸው 24.8 ወር ኖሩ። በኦፕራሲዮኑ ወገን ከባድ የጤና ችግርም በዝቶ ታየ። ክርክሩ አሁንም አልበረደም፤ በደንብ ለተመረጡ ጥቂት ሰዎች ይጠቅማል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። በእኔ አመለካከት ግን የማስረጃው ሸክም አሁን ወደ እነሱ ዞሯል። ለብዙ ዓመታት ቢላዋው አይጠየቅም ነበር።

ስለ መድኃኒቶቹ ደግሞ ከሁሉም ትምህርት ሰጪ የሆነው የፔሜትሬክሰድ ታሪክ ነው። ይህ መድኃኒት ከሲስፕላቲን ጋር ሲሰጥ ለሜሶቴሊዮማ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ በ20 አገሮች ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት በመድኃኒቱ መርዛማነት የሞቱ ሰዎች ታዩ። ተመራማሪዎቹ ደም ሲመረምሩ ጉዳቱ የሚበረታው የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ባለባቸው ሰዎች ላይ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት አገኙ። ፎሊክ አሲድ ማለት በጎመንና በምስር ውስጥ ያለው፣ ለነፍሰ ጡር ሴቶች በኪኒን የሚሰጠው ነው። ከታኅሣሥ 1999 ጀምሮ በሁለቱም ወገን ላሉ በሽተኞች በሙሉ ቫይታሚኑ እንዲሰጥ ተደረገ፤ መርዛማነቱ በጣም ቀነሰ። በ2003 ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱን መድኃኒቶች ያገኙት ሚዲያን 12.1 ወር፣ ሲስፕላቲን ብቻ ያገኙት 9.3 ወር ኖረዋል። ውድ መድኃኒት በርካሽ ኪኒን ዳነ ማለት ይቻላል። ይሄ የሆነው ሞቱን የሚቆጥር፣ ሲበዛም «ቁም» ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓት ስለነበረ ነው።

ሁሉም ሙከራ እንዲህ ደስ የሚል ውጤት አይሰጥም። በ2008 እንግሊዞች 409 ሰዎችን መዝግበው በቆዩት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ሲፈትኑ ሕመምን በማስታገስ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸር የጎላ ልዩነት አላገኙም። ይህም ራሱ ዕውቀት ነው፤ በከንቱ የሚያስታውክና ፀጉር የሚያስረግፍ መድኃኒት ከመዋጥ ያድናል። በ2021 ደግሞ 605 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱ ሁለት መድኃኒቶች፣ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ፣ ከኬሞቴራፒ በልጠው ተገኙ፤ 18.1 ወር ከ14.1 ወር። እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ሰማይ የነካ ስለሆነ በእኛ አካባቢ ላለ አብዛኛው ሰው የማይደረስባቸው ናቸው።

በሌላ በኩል ግን ከፋብሪካ ያልወጣ አንድ ሕክምናም በዕጣ ተፈትኗል፤ ሰው እምብዛም አያወራለትም። በቦስተን የሚገኝ ሆስፒታል የሳንባ ካንሰራቸው የተሰራጨባቸውን 151 ሰዎች ለሁለት ደለደለ። ግማሾቹ የተለመደውን የካንሰር ሕክምና ብቻ አገኙ። ግማሾቹ ከዚያ በተጨማሪ ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያ ያያቸው ነበር። ባለሙያው ሕመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ ጭንቀቱን ይጠይቃል፤ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይነጋገራል። በ2010 እንደተዘገበው የነዚህኞቹ ኑሮና መንፈስ የተሻለ ነበር፤ በመጨረሻው ጊዜያቸው ከባድ ሕክምና የወሰዱትም ጥቂት ነበሩ። ሆኖም ሚዲያን 11.6 ወር ሲኖሩ ሌሎቹ 8.9 ወር ኖሩ። ማስታገሻ ማለት «ተስፋ ቆረጥን» ማለት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥም ኡጋንዳ ከ1993 ጀምሮ በፈሳሽ መልክ የሚዘጋጅ ርካሽ ሞርፊን በየቤቱ ላሉ ሕሙማን የሚያደርስ ሥራ መሥርታለች፤ ለዚህ አስፈላጊው ዱቄቱ፣ ንጹሕ ውሃውና የሠለጠነ ነርስ ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ስላለ እሱን እንመልስ፤ አንድ ቀን እኔን ወይም ዘመዴን በሙከራ ግቡ ቢሉንስ? መጀመሪያ የምትፈርሙት ወረቀት በምትረዱት ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር፣ ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ብትታመሙ ማን እንደሚያክማችሁ ጠይቁ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ከገቡ በኋላም ማቆም ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት የተለመደው ሕክምና ሊቀርባችሁ አይገባም፣ የራሽን ካርዳችሁም የሚነካበት ምክንያት የለም። «ይሄ ገና አልታወቀም» የሚል ሐኪም ሲያጋጥማችሁ ደግሞ አትናቁት። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ለቲቢ መመርመር ትክክል ነው፤ የቲቢ መድኃኒት በሥርዓቱ ተወስዶ ለውጥ ካልታየ ግን፣ በተለይ ሳንባ ውሃ ቋጥሮ ከሆነ፣ ተመልሶ ሄዶ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። ስሌግስ ያስተዋለው ይህንኑ ነው።

ለመምህራን አንድ የክፍል ሥራ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው እንደፈለጉ ለሁለት ቡድን ይከፈሉ። የሁለቱም ቡድን ቁመት ይለካና አማካዩ ይሰላ። ጓደኛ ከጓደኛው፣ ረዥም ከረዥም ጋር ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ልዩነት ይገኛል። ከዚያ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ «ሀ» እና «ለ» ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በባርኔጣ ውስጥ ተደባልቆ ዕጣ ይውጣ፤ እንደገና ይለካ። በአሥር ተማሪ ብቻ ከሠራችሁት በዕጣም ቢሆን ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል፤ በሰማንያ ተማሪ ግን ሁለቱ አማካዮች በጣም ይቀራረባሉ። ማርስ በ50 ሰው ለምን እንደተተቸ፣ ማርስ 2 ለምን 335 ሰው እንዳስፈለገው ተማሪዎቹ ያኔ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ሰማንያ ተማሪ ከየት ይመጣል እንዳትሉ ብቻ፤ በእኛ ክፍሎች ያልጠፋው እሱ ነው።